ያረጀ ክር አልሸጥም

ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ሰው ዞር ብሎ የማያየው አንድ ካርቶን አይጠፋም። ከላዩ የተጨማደደ ጨርቅ፣ ከሥሩ የተጠላለፈ ክር፣ የዛገ መርፌ፣ እስከ ግማሽ ተሠርቶ የቀረ ዳንቴል ከነኪሮሹ፣ አንዳንዴም በልብስ ቁልፍ የተሞላ ቆርቆሮ ይኖርበታል። ሻጩ ራሱ ምን እንዳለበት አያውቅም፤ «ከፈለግሽ ጠቅልለሽ ውሰጂው» ይላል። ሌላው ሰው ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ጋ ሲጋፋ እኔ የምሄደው ለዚያ ካርቶን ነው።

መተዳደሪያዬ ሌላ ነው። ቀን ከሒሳብ መዝገብ ጋር ስፋጠጥ እውልና ማታ ልጆቹ ሲተኙ ካርቶኔን እከፍታለሁ። እለያለሁ፣ አጥባለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እሸጣለሁ። ባለቤቴ የኋለኛውን ክፍል «መጋዘን» ብሎ ከሰየመው ቆይቷል። ትርፉ የሚቀጥለውን ካርቶን ይገዛል፤ ከተረፈ ለራሴ ጨርቅ እገዛበታለሁ። ይህ ሥራ ሀብታም ያደርጋል የሚላችሁ ሰው ካለ የራሱን ሰዓት ሒሳብ ውስጥ ያላስገባ ነው። አንድ ቆርቆሮ ቁልፍ ለመለየት የሚጠፋውን ምሽት እንደ ሥራ ካሰባችሁት ኪሳራ ነው። እንደ ጨዋታ ካያችሁት ግን ከዚህ የሚሻል ጨዋታ እኔ አላገኘሁም።

አንድ ደንብ አለኝ፦ ለስፌት ብዬ የምሸጠው ነገር መስፋት አለበት። ቀላል ይመስላል። ግን በዚህ ገበያ ውስጥ የሚነሳው አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ዕቃው ስላረጀ ብቻ ዋጋ አለው ብለው ከሚያስቡ ሰዎች ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በክር ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነውና። በእንጨት ማጠንጠኛ ላይ የተጠመጠመ የድሮ ክር ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ቀለሙ የተረጋጋ ነው፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈችው ክብ ወረቀት ታምራለች፣ እንጨቱ ራሱ ለእጅ ይስማማል። ፋብሪካዎች ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ ጠቅልለው የተሻገሩት በ1970ዎቹ አካባቢ ስለሆነ፣ የእንጨቱ ክር ባለቤት ዘንድ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጥጥ ደግሞ ብርሃን፣ እርጥበትና አቧራ ሲፈራረቁበት ይደክማል። ስለዚህ የክንዴን ያህል ርዝመት እፈታና ሁለቱን ጫፍ ይዤ በአንዴ ሳብ አደርገዋለሁ። ደህና ክር ይታገላል፣ ጣት ይቆርጣል። የደከመው ያለ ምንም ድምፅ ብጥስ ይላል። ከላይ ያለው ተበጠሰ ብላችሁ ወዲያው አትፍረዱ፤ ብርሃን የሚያገኘው ላዩ ነውና ጥቂት ሜትር ፈትታችሁ ውስጡን ደግማችሁ ሞክሩ። ውስጡም ከተበጠሰ ግን አለቀ።

እንዲህ ያለውን ክር «ለእጅ ስፌት ይሆናል» እያሉ የሚሸጡ አሉ። አይሆንም። በስፌት መኪና ከተሰፋበት እየተበጣጠሰ ብናኙ መወጠሪያው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በእጅ ከተሰፋበት ደግሞ ቀሚሱ የሚተረተረው ባለቤቷ ሰው መሀል ቁጭ ስትል ነው። እኔ ክሩን ቆርጬ እጥልና ባዶውን ማጠንጠኛ እሸጣለሁ። የሚገርመው ለባዶው እንጨት ፈላጊ አይጠፋም፤ ሪባን የሚጠቀልሉበት፣ ለልጆች መጫወቻ የሚያደርጉት፣ መደርደሪያ ላይ የሚደረድሩት ብዙ ናቸው። ፖሊስተር ክር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ቃጫው ራሱ የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት በ1941 ነው፤ ስፌት ቤቶችን ያጥለቀለቀው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እንደ ጥጥ ቶሎ አይደክምም፤ ሳብ አድርጌው ከጠነከረ ያለ ስጋት እሸጣለሁ።

የጥልፍ ክር ላይ ለስላሳ ነኝ፤ ጥልፍ እንደ ስፌት መጋጠሚያ ጉልበት አይሸከምም። በተለይ የዲኤምሲን ክር ካገኘሁ አልለቀውም። ቤቱ ከ1746 ጀምሮ ያለ የፈረንሳይ ቤት ነው፤ የተለመደው ጥቅል 8 ሜትር ርዝመት አለው፣ ከ6 ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁጥር አለው፤ 310 ካላችሁኝ ጥቁር እንደሆነ ዐይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ከዓመታት በፊት ጀምራ ያቋረጠችውን ጥልፍ ለመጨረስ አንድ ቀለም ብቻ የጎደላት ሴት የምትፈልገው ያንን ቁጥር ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ላይ ያለችውን የወረቀት ቀበቶ በፍጹም አላወልቅም፤ ቁጥሯ ከጠፋ ክሩ ተራ ክር ይሆናል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊውን ደግሞ ሳልሞክር አልሸጥም። ትንሽ ቆርጬ አርስና ነጭ ጨርቅ ላይ እጫነዋለሁ፤ ቀለም ከለቀቀ በማስታወቂያው ላይ እጽፈዋለሁ።

ወደ ቁልፍ ልለፍ፤ እዚህ ጋ ብዙ ብቆይ ይቅር በሉኝ። ቁልፍ የሞላበት ቆርቆሮ ነጭ አንሶላ ላይ ሲገለበጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ድካሜን ይወስደዋል። ትልቋ ልጄ በቀለም ትለያለች፤ እኔ በተሠራበት ነገር እለያለሁ፤ በዚህ የተነሳ ሁልጊዜ እንጣላለን። ለገዢ ግን የሚጠቅመው የእኔ አለያየት ነው።

ከባሕር ዛጎል ውስጠኛ ሽፋን የተሠራ ቁልፍ ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት ቀዝቃዛ ነው፣ ከመጠኑም ይከብዳል። የሚመስለው ፕላስቲክ ወዲያው ይሞቃል። የጀርባውን ሸካራነት ማየትም ይረዳል፤ ዛጎል ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ የተፈጥሮ ቡናማ ወይም ግራጫ ቅሪት አይጠፋውም። መስታወት ጥርስ ሲነካ ቂው ይላል። ቤክላይት ደግሞ ሊዮ ቤክላንድ በ1907 የሠራው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ ነው፤ በአውራ ጣት እስኪሞቅ ካሹት ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ ለአፍታ ከነከሩት የመድኃኒት ቤት ዓይነት ኃይለኛ ሽታ ይሰጣል። ከወተት ፕሮቲን የተሠራ፣ ኬዚን የሚባል ቁልፍም አለ፤ በሙቅ ውኃ የሚሸተው እንዳረረ ወተት ነው። ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ካምፎር ይሸታል። ከደቡብ አሜሪካ ዘንባባ ፍሬ የሚቀረጽ ቁልፍ ደግሞ የዝሆን ጥርስ ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ቀጫጭን የቃጫ መስመር አለው።

አንዳንዶች የጋለ መርፌ እየወጉ ይለያሉ። እባካችሁ ተዉት። አንደኛ ቁልፉን ትጎዱታላችሁ። ሁለተኛ ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው፤ ጣታችሁ ላይ እያለ ሊነድ ይችላል። ደግሞ ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚለቀው አሲዳማ ጋዝ አጠገቡ ያለውን ብረት ይበላዋል፣ ሌላውንም ሴሉሎይድ ያበላሻል። የተሰነጣጠቀ፣ የሚያጣብቅ ወይም የሚያልብ ቁልፍ ካያችሁ ከጓደኞቹ ለዩት፤ በታሸገ ላስቲክም አታስቀምጡት።

ቆርቆሮውን እንዳለ ሳሙና ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ክልክል ነው። እንጨትና ኬዚን ውኃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ጨርቅ የለበሱት ውስጣቸው ያለው ቆርቆሮ ይዝጋል፣ ዛጎልን ደግሞ አቼቶ ይበላዋል። እኔ ዛጎልና መስታወቱን ለብ ባለ ውኃ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፤ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ወዲያው አደርቃለሁ።

የቁልፍ መለኪያው ሊኝ ይባላል፤ 40 ሊኝ አንድ ኢንች ነው። የተለመደው የሸሚዝ ቁልፍ 18 ሊኝ፣ ማለትም አሥራ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሊኝ የማያውቅ ገዢ ስለሚበዛ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ዋጋ የሚወስነው ከሁሉ በላይ ግን የተመሳሳዮቹ ብዛት ነው። ሦስት የሚያምሩ ቁልፎች ጌጥ ናቸው፤ ስምንት ተመሳሳይ ቁልፎች ኮት ይዘጋሉ። ስለዚህ ስብስብ ካገኘሁ አልበትንም። ከፋብሪካ ካርቶን ላይ እንደተሰፉ የመጡትንም አልነቅልም፤ ካርቶኑ ከነጽሑፉ የዕቃው የትውልድ ወረቀት ነው። ነጣጥለው ለየብቻ የሚሸጡ ሰዎች ከእኔ የበለጠ ያተርፋሉ። ያትርፉ።

መቀስን የመምረጥ ነገር የተማርኩት ከአንዲት እናት ነው። ዕቃቸውን ሁሉ አውጥተው ሲሸጡ የስፌት መሳቢያቸውን ሙሉውን አቀረቡልኝ።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ሊሸጡት ነው? ከልጆችዎ የሚሰፋ የለም?» አልኳቸው።

«ልጆቼ ቁልፍ ሲበጠስባቸው ሸሚዙን ይጥላሉ» አሉ። «እኔ ደግሞ ዐይኔ ከከዳኝ ቆየ፤ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ አለኝ። ይልቅ ዋጋ አትቀንሺብኝ።»

ዋጋ ላይ በደንብ ተከራከሩኝ፤ እንደ እሳቸው ያለ ተከራካሪ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ተስማምተን ስንጨርስ መሳቢያው ውስጥ ከነበሩት መቀሶች አንዱን አንስተው ጆሮዬ አጠገብ ከፈት ዘጋ አደረጉት። «መቀስ በጆሮ ነው የሚመረጠው፣ ልጄ። ከመነሻው እስከ ጫፉ አንድ ዓይነት ድምፅ ይኑረው። መሀል ላይ ድምፁ ከጠፋ ስለቱ ተጣሟል።» ከዚያ ቀጭን ጨርቅ አጥፈው በጫፉ ብቻ ቆረጡበት። እውነትም አብዛኛው የደነዘዘ መቀስ በመሀሉ ይቆርጣል፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ጨርቁን ያኝከዋል። አሁን መቀስ ስገዛ ሰው እያየኝ ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳምጣለሁ። የእሳቸው መቀስ አይሸጥም፤ ቤታችን ውስጥ ወረቀት የቆረጠበት ሰው እራት አይበላም።

ዝገት ያለበት መቀስ ብዙ አያስፈራኝም። ላዩን ብቻ ከሆነ በአቼቶ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ለትንሽ ጊዜ አቆየዋለሁ፣ አሸዋለሁ፣ በደንብ አደርቃለሁ፣ ማጠፊያው ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደርጋለሁ። ስለቱ ላይ ጉድጓድ የሠራ ዝገት ግን ሥራው የሞራጅ እንጂ የእኔ አይደለም። የዛገ መርፌ በጭራሽ አልሸጥም፤ የጨርቁን ክር እየመዘዘ ያበላሻል። በክዳን በሚዘጋ ጠርሙስ አጠራቅሜ እጥለዋለሁ።

ስለ ዚፕ ብዙ የምለው የለም። የብረት ዚፕ ለሚያድሱ ሰዎች ሁልጊዜ ይፈለጋል። ጥርሱ ሁሉ መኖሩን፣ ጨርቁ አለመበስበሱን እያዩ መግዛት ነው። የሚያንቀው ዚፕ ጥርሱን በእርሳስ ጫፍ ወይም በሻማ ሲያሹት ይለቃል። የድሮ ላስቲክ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ሲሳብ አይመለስም።

ሹራብ መሥሪያ ዘንግ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮ የእንግሊዝ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይቀጥናል። 14 ቁጥር 2 ሚሊሜትር ሲሆን 8 ቁጥር 4 ሚሊሜትር ነው። በአሜሪካ ቁጥር ግን 4 ሚሊሜትሩ 6 ነው። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ችግር ውስጥ ይከታል። ቀዳዳ ባለው መለኪያ ለክቼ በሚሊሜትር እጽፋለሁ።

ፓተርን ወረቀት፣ ማለትም ጨርቅ የሚቆረጥበት የልብስ ልክ፣ የትዕግሥት ሥራ ነው። በልዩ ልዩ መጠን የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን ወደ ገበያ ያወጣው የአሜሪካው በተሪክ ነው፤ በ1863። የመጀመሪያዎቹ ዘመናት ፓተርኖች መስመር የላቸውም፤ በስስ ወረቀት ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ የትኛው ቀዳዳ ምን ማለት እንደሆነ ያለ መመሪያው አይገባም። ስለዚህ ፖስታውን ከፍቼ የእያንዳንዱን ክፍል ቁጥር መመሪያው ላይ ካለው ጋር አመሳክራለሁ። እጅጌው የጠፋ ፓተርን «ሙሉ ነው» ተብሎ ሲሸጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። መጠኑንም በቁጥር አትመኑት፤ የድሮው 14 የዛሬው 14 አይደለም። ፖስታው ላይ የተጻፈውን የደረትና የወገብ ልክ ጻፉ። ቡርዳ የሚባለውን የጀርመን የስፌት መጽሔት ካገኛችሁ ደግሞ መሀሉ ላይ የታጠፈው ትልቁ የፓተርን ወረቀት መኖሩን እዩ። መጽሔቱ ከ1950 ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ስለሆነ አሮጌ ቅጂ አይጠፋም፤ ወረቀቱ የሌለው ግን የፎቶ አልበም ነው።

አሁን ወደ ስፌት መኪናው። ጥቁሩና ወርቃማ ጌጥ ያለው የሲንጀር መኪና ሲታይ ሰው ሁሉ «ስንት ዘመኑ!» ይላል፤ ሻጩም ዋጋውን በዚያው ልክ ይሰቅላል። ሲንጀር ከ1850ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ስላመረተ እርጅና ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። አካሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ተመልከቱ። ከ1900 በፊት የተሠሩት ቁጥር ብቻ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በፊደል ይጀምራሉ። ቁጥሩ በየትኛው ዓመት እንደተመደበ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስላለ ዘመኑን በግምት መናገር አያስፈልግም።

መዘውሩ አልዞር ካለ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ ያለው ደርቆ ሙጫ የሆነ ዘይት ነው። አንዳንዱ ቤት የምግብ ዘይት ያደርጉበታል፤ እሱ ደግሞ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ብረት ከብረት በሚተሻሽበት ቦታ ሁሉ ላምባ ጠብ ጠብ አድርጎ ማሳደር፣ በማግሥቱ ወዲያ ወዲህ ቀስ እያሉ ማነቃነቅ፣ ሲላላ ጠርጎ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ማጠጣት ነው። በጉልበት አታዙሩት። ላዩን ደግሞ በአልኮል አትጥረጉ። በጥቁሮቹ የድሮ መኪኖች ላይ ወርቁን የሚሸፍነው ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ በአልኮል ይሟሟል፤ ቆንጆውን ጌጥ በአንድ ጨርቅ ታነሱታላችሁ።

«አይሰፋም» ተብሎ በርካሽ ከሚሸጥ መኪና ብዙው መርፌው ተገልብጦ የገባ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ክሩ መርፌው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበትን የመጨረሻ ማያያዣ እዩ። ክር የሚገባው ከዚያ በኩል ነው፣ ጠፍጣፋው የመርፌ ጎን ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ሞተር ያለው ከሆነ ግን ገመዱን ሳላይ ሶኬት ላይ አልሰካም። የድሮ ገመድ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ሞተሩም በ110 ቮልት የሚሠራ ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ለጀማሪ የምመክረው በሲንጀር 15 ንድፍ የተሠራ መኪና ነው፤ የጃፓንና የቻይና ፋብሪካዎች ያንን ንድፍ እየገለበጡ በብዛት ስለሠሩት ቦቢኑም (የታችኛው ክር ማጠንጠኛ) መርፌውም ዛሬ ድረስ በቀላሉ ይገኛል። በአንጻሩ እንደ ሲንጀር 27 ያሉት፣ የታችኛውን ክር የሚይዝ፣ የጥይት ቅርጽ ያለው ረጅም መወርወሪያ የሚጠቀሙት መኪኖች መወርወሪያው ጠፍቶባቸው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ፤ ካለበለዚያ ከባድ ጌጥ ነው የምትገዙት። መኪና ስሸጥ እዚያው መኪና ላይ የሰፋሁትን ቁራጭ ጨርቅ እግሩ ሥር ትቼ ነው የማስረክበው። ደህና የሚሰፋ መኪና አንገቱን ቆርጠው የመብራት መቆሚያ የሚያደርጉ ሰዎች ሲመጡ ዋጋ አልነግራቸውም፤ ተሽጧል እላቸዋለሁ።

ከሱፍ ክርና ከሱፍ ጨርቅ ጋር ብል ቤት ይገባል። እኔ የሱፍ ነገር ሁሉ ከሌላው ዕቃ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በላስቲክ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ክፍል ቢያንስ ሦስት ቀን ያድራል። ባለቤቴ ሥጋ ሲፈልግ ድውር እያወጣ ያማርራል፤ ለምዶታል።

ዋጋ እንዴት ታወጫለሽ ለምትሉኝ፦ ሌላው ሰው የጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ነው የማየው። ለአንድ ዓመት ያለ ገዢ የተሰቀለ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ምኞት ነው። ስገዛ ቢያንስ በሦስት እጥፍ እሸጠዋለሁ ብዬ ካላመንኩ እተወዋለሁ፤ ማሸጊያው፣ ማመላለሻው፣ የሚጣለው ግማሽ ካርቶን ሁሉ ከዚያ ላይ ነው የሚነሳው። ፎቶ በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጌ፣ ጉድለቱንም ለብቻው አቅርቤ አነሳለሁ። ገዢዎቼ የድሮ ልብስ የሚያድሱ፣ ለመድረክ ልብስ የሚሰፉ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጥሙ ናቸው፤ ከእኔ በላይ የሚያውቁም አሉባቸው። እነሱን ማታለል አይቻልም። ቢቻልም ተመልሰው አይመጡም።

መጀመር የምትፈልጉ መጀመሪያ ገበያ አትውጡ። ቤታችሁ ውስጥ፣ አክስታችሁ ዘንድ፣ አልጋ ሥር ያለውን መሳቢያ ጠይቁ። በቁልፍ ጀምሩ፤ ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ቢበላሽም ብዙ አያከስርም። ከዚያ ክር፣ ከዚያ ፓተርን። መኪናውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሙሉ የብረት መኪና ደረጃ ላይ ተሸክማችሁ እስክትወጡ ድረስ ወገብ እንዳላችሁ አታውቁም።